ሽቦ ላይ የምትቀመጠው ጥቁርና ነጭ ወፍ የትኛዋ ናት? ፊስካል፣ ቡቡ ወይስ ሌላ?

አደይ_14፦
ጤና ይስጥልኝ። አንዲት ወፍ መለየት ተቸግሬያለሁና የምታውቁ አግዙኝ። የታየችው በኢትዮጵያ ደጋ፣ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ቦታው የእርሻ ማሳ ነው፤ ዳሩ የሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ። ወሩ ጥር፣ ሰዓቱ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል።

ከራሷ እስከ ጅራቷ ከላይ ጥቁር፣ ከአገጯ ጀምሮ ከታች ነጭ ናት። ከድንቢጥ በግልጽ ትበልጣለች፣ ከዋኔ ታንሳለች። ጅራቷ ረጅምና ቀጭን ነው። ከኋላ ስትታይ ሁለት ነጭ መስመሮች ከትከሻዋ ተነሥተው እየተቀራረቡ ወደ ወገቧ ይወርዳሉ። ሽቦው ላይ ቀጥ ብላ ትቆይና ድንገት መሬት ወርዳ አንድ ነገር አንሥታ ትመለሳለች።

ያልገባኝ ሦስት ነገር ነው። እሷ ባለችበት በኩል ደወል የመሰለ፣ ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፉበት የሚወጣ ዓይነት ፉጨት ይሰማል፤ ምንቃሯ ሲከፈት ግን አልታየም። ጎኗ ላይ፣ ከክንፏ ሥር፣ የዛገ ብረት የመሰለ ቀለም አለ፤ ጭቃ ይሁን ላባ መለየት አልቻልኩም። የስልኩ አፕ ደግሞ ለአንዱ ፎቶ ፊስካል፣ ለሁለተኛው ቡቡ፣ ፀሐይ ከኋላዋ ሆና ለተነሣው ፓይድ ዋግቴይል ይላል። የቱን ልመን?

ግራር_ጫፍ፦
ያዩትና የሰሙት አንድ ወፍ አይደለም፤ ወፎቹ ሁለት ናቸው። ያዩዋት ኖርዘርን ፊስካል ናት፣ በሳይንሳዊ ስሟ ላኒየስ ሁመራሊስ። የሰሙት ደግሞ ኢትዮጵያን ቡቡን ነው፣ ላኒያሪየስ ኤቲዮፒከስ። ሁለቱ በአንድ አጥር ዳር ተጎራብተው ይኖራሉ። አንዷ ከላይ ሆና ትታያለች አትሰማም፣ ሌላዋ ከውስጥ ሆና ትሰማለች አትታይም። የአንዷን መልክ ለሌላዋ ድምፅ መስጠት ጥቁርና ነጭ ወፎች ላይ ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ የበዛው ነው።

ፊስካል ያልኩበትን ምክንያት በቅደም ተከተል ላስረዳ። መጀመሪያ አቀማመጧ ነው። ሽቦ፣ የግራር ጫፍ፣ የደረቀ አገዳ፣ ዙሪያውን የሚያሳይ ማንኛውም ገላጣ ቦታ ላይ ብቻዋን ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው፤ ወርዳ ይዛ ወደዚያው ማረፊያ ወይም ወደ ጎረቤቱ ትመለሳለች። ቡቡ እንዲህ አትኖርም። ቁጥቋጦ ውስጥ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ወይም ከሥሩ የወደቀ ቅጠል እየገለበጠች ነው የምትመገበው። ሽቦ ላይ ብትወጣ እንኳ ለመሻገር ያህል ነው።

ቀጥሎ ጅራት። የፊስካል ጅራት ቀጭን ሆኖ እንደ ደረጃ ነው፤ የመካከሎቹ ላባዎች ረጅም፣ የዳሮቹ እያጠሩ የሚሄዱ። የዳሮቹ ላባዎች ነጭ ናቸው፤ ስለዚህ ከሥር ሲታይ ወይም ለማረፍ ስትዘረጋው ነጭ ጠርዝ ይወጣል። የቡቡ ጅራት ሰፋ ያለና ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው። አንድ ነጭ ላባ ካዩበት ቡቡ አይደለችም፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

በምንቃር ለመለየት አይድከሙ። የሁለቱም ጥቁር፣ ወፍራምና ጫፉ የተቆለመመ ነው። መጠንም ብዙ አይረዳም፤ ፊስካል ከምንቃር እስከ ጅራት ጫፍ ከ21 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር፣ ቡቡ ከ23 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ናት። ይህን ያህል ልዩነት 30 ሜትር ላይ ያለ ዓይን አይለካውም። ሰውነቷ ግን ይለያል፤ ቡቡ ደንደን ያለች ስትሆን የፊስካል ርዝመት ግማሽ ሊሆን ምንም ያልቀረው ጅራት ነው።

የዛገው ቀለም ላባ ነው እንጂ ጭቃ አይደለም። የያዙት ትልቁ ማስረጃም እሱ ነው፤ ሴቷ ፊስካል ጎኗ ላይ ቀይ ዳማ ቀለም አላት፣ ወንዱ የለውም። ያዩዋት ሴት ናት። በተቃራኒው ሲሆን ግን ይጠንቀቁ፤ ክንፏን ገጥማ ስትቀመጥ ቀለሙ ስለሚሸፈን፣ አለመታየቱ ብቻ ወንድ ነው አያሰኝም። ክንፏን እስክታነሣ ወይም ላባዋን እስክታበጥር መጠበቅ ነው።

ደመና_ገላጭ፦
በድምዳሜው እስማማለሁ። ግን ጠያቂው «ሁለት ነጭ መስመር ከኋላ» ስላሉ ብቻ ፊስካል ማለት አደጋ አለው፤ ቡቡም ከኋላ ሁለት ነጭ መስመር ታሳያለች። አፑ ሁለተኛውን ፎቶ ቡቡ ያለውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

መታየት ያለበት ነጩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። በፊስካል ላይ ነጩ የትከሻ ላባ ነው፤ ጀርባና ክንፍ በሚገናኙበት ስፌት ላይ ተጋድሞ ሁለቱ ወገን ወደ መሐል ሲወርድ የ«ቪ» ቅርጽ ይሠራል። ክንፏን ብትዘረጋም ነጩ ሰውነቷ ላይ ይቀራል። በቡቡ ላይ ነጩ ክንፉ ላይ ያለ ነው፤ ታጥፎ ሳለ ከጎን ሲታይ አንድ ነጭ ሰረዝ ሆኖ ይታያል፣ ስትበር ከክንፉ ጋር ይሄዳል። ፊስካል ከዚህ ሌላ ትልልቆቹ የክንፍ ላባዎች ሥር አንዲት ትንሽ ነጭ ነቁጥ አለቻት፤ ስትቀመጥ በጭንቅ ትታያለች፣ ስትበር ብልጭ ትላለች። «በረራ ላይ ክንፏ ነጭ አሳየ፣ ስለዚህ ቡቡ ናት» የሚለው ስሕተት የሚመጣው ከእሷ ነው።

የሆዱም ነጭ አንድ አይደለም። ጥሩ ብርሃን ላይ የቡቡ ደረትና ሆድ ስስ ሮዝ ጣል ያደረገበት ነው፤ የፊስካል ግን እንዲህ ያለ ቅላት የለውም። ይህን ግን የማለዳ ወይም የማታ ፀሐይ ላይ አትመኑት፤ ያን ጊዜ ነጭ ሁሉ ይቀላል።

አሁን ስለ ፎቶው። ጥቁርና ነጭ ወፍ ካሜራን ያታልላል። ሰማይ ከኋላዋ ካለ ካሜራው ለሰማዩ ብሎ ያጨልምና ጥላዋን ብቻ ይሰጣችኋል፤ በዚህ ጊዜ የብርሃን ማስተካከያውን ከ+1 እስከ +1.7 ከፍ አድርጉ። ወፏ ፀሐይ ላይ ሆና ከኋላዋ የጨለመ ቁጥቋጦ ካለ ደግሞ ካሜራው ለቁጥቋጦው ብሎ ያበራና ነጩን ያቃጥለዋል፤ ወደ −0.7 አውርዱ። የተቃጠለ ነጭ ማለት የጎን ዳማ ቀለም፣ የሆድ ሮዝ፣ የለጋ ወፍ ቀጫጭን መስመር ሁሉ የጠፋበት ነጭ ነው፤ በኋላ በኮምፒውተር አይመለስም። የጨለመ ጥቁር ግን በመጠኑ ይመለሳል። ስለዚህ ከተጠራጠራችሁ አጨልሙ። በስልክ ከሆነ ነጩ ደረት ላይ ነክታችሁ ብርሃኑን በጣት ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ለተቀመጠች ወፍ 1/500 ሰከንድ ፍጥነት ይሠራል፤ ስትወርድ ለመያዝ 1/2000 ያስፈልጋል።

አፑ «ዋግቴይል» ያለው የጀርባ ብርሃኑን ፎቶ አይቶ ነው። ጥላ ብቻ ሲቀር ሁለቱም ቀጭን፣ ረጅም ጅራትና ከጅራቱ ዳር ነጭ ያላቸው ናቸው። ፓይድ ዋግቴይል ግን ከዓይኗ በላይ ነጭ ቅንድብ፣ ደረቷን የሚያቋርጥ ጥቁር መቀነት፣ ክንፏ ላይ ሰፊ ነጭ አላት። እግሯ ረጅምና ቀጭን ነው፣ መሬት ላይ ትራመዳለች እንጂ አትዘልም፣ ጅራቷም ከላይ ወደ ታች መወዛወዙን አያቆምም። ብዙውን ጊዜ የምትገኘው ውኃ ዳር ነው። ፊስካል መቀነት የላትም።

አደይ_14፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ፎቶዎቹን አጉልቼ ሳያቸው ነጩ በእርግጥ ስፌቱ ላይ ነው፣ የዳር ጅራቷም ነጭ ነው። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ከእሷ 5 ሜትር ያህል ራቅ ብላ፣ ያው ሽቦ ላይ፣ ግራጫ ቡናማ የሆነች፣ ደረቷ በቀጫጭን አግድም መስመር የተሞላ ወፍ አለች፤ ሌላ ዝርያ ናት? ደግሞ አንዱ የሽቦ እሾህ ላይ አንበጣ ተሰክቶ ይታያል፤ ሰው ያደረገው ነው? ስለ ድምፁም በርግጠኝነት የማውቅበት መንገድ ካለ ንገሩኝ።

የማሳ_ዳር፦
ቡናማዋ ያችው ፊስካል ናት፣ ለጋ። ከጎጆ የወጣች ፊስካል ጥቁር አይደለችም፤ ከላይ ግራጫ ቡናማ ሆና ላባዎቿ በቀጫጭን ጠቆር ያሉ መስመሮች የተጠረዙ ናቸው፣ ከታችም ያየኸው ዓይነት መስመር አላት። «ቪ»ው ግን ቀድሞውኑ አለ፤ የደበዘዘ፣ ወደ ዳለቻ ያዘነበለ ነው። የተቆለመመ ምንቃር፣ ደረጃ ያለው ጅራት፣ ሽቦ ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ አዋቂ ወፍ አጠገቧ መኖሯ ሲደመር ሌላ መፈለግ አያሻም።

አንበጣውን የሰካችው ራሷ ናት። ፊስካሎች ሥጋ በላ ናቸው፤ አንበጣ፣ ጢንዚዛ፣ እንሽላሊት፣ አልፎ አልፎም ትንሽ አይጥ ይይዛሉ። ምንቃራቸው እንደ ጭልፊት የተቆለመመና ጥርስ የመሰለ ጉጥ ያለበት ነው፤ እግራቸው ግን የጭልፊት አይደለም፣ ሥጋን ጨምድዶ ይዞ ለመገነጣጠል አቅም የለውም። ስለዚህ እሾህ እንደ ሜንጫ ያገለግላቸዋል፤ ያደኑትን ይሰኩበትና በምንቃር ይቆራርጡታል። ያልበሉትም ለሌላ ጊዜ እዚያው ይቀመጣል። ላኒየስ የሚለው የላቲን ስም ራሱ ትርጉሙ ሥጋ ሻጭ፣ አራጅ ማለት ነው።

ይህ ለመለየትም ይጠቅማል። ወፏ ባትኖር እንኳ የአጥር እሾህ ወይም የግራር እሾህ ላይ የተሰካ ነፍሳት ካለ አካባቢው የእሷ ዓይነት አዳኝ አለው ማለት ነው። አታንሣው፣ አትንካው፤ ከ20 እስከ 30 ሜትር ራቅ ብለህ ብትቀመጥ ባለቤቷ ትመጣለች።

ስለ ድምፁ። ቡቡዎች የሚጮኹት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። አንዷ ደወል የመሰለውን ፉጨት ታወጣለች፣ ጓደኛዋ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ በሌላ ድምፅ ትመልሳለች፤ ቅብብሉ ከመፍጠኑ የተነሣ ለጆሮ አንድ ወፍ ይመስላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ድምፁ በሚሰማበት ጊዜ ባለህበት ቁም፣ ዓይንህን ጨፍን፣ የመጀመሪያው ፉጨትና መልሱ የወጡበትን አቅጣጫ በሁለት ጣት አመልክት። ከዚያ 10 ወይም 15 ሜትር ወደ ጎን ሄደህ ድገመው። ጣቶችህ አንዴም ቢሆን ከተለያዩ የሰማኸው ቅብብል ነው። ሁለቱ ወፎች ጎን ለጎን ከሆኑ ግን አንድ ቦታ ስለሚመስልህ ደጋግመህ ሞክር። ስትቀዳም ስልኩን ወደ ቁጥቋጦው አዙረህ ቢያንስ 30 ሰከንድ ያለ መንቀሳቀስ ያዝ፤ የጨርቅ ኮሽታ ከወፏ ድምፅ ይበልጣል።

ፊስካል ድምፅ የላትም ማለት ግን አይደለም። ስትቆጣ ሻካራና ደረቅ ጩኸት አላት፤ ስትዘፍን ደግሞ የሌሎችን ወፎች ድምፅ እየቀላቀለች ታንጎራጉራለች። የደወል ፉጨት ግን የእሷ አይደለም።

ጥያቄ_አብዢ፦
ጣልቃ ልግባና፣ ርዕሱ ያለበት ክፍል «ዘማሪ ወፎች» ይላል። እንሽላሊት እሾህ ላይ የምትሰካ፣ ድምፇ እንደ ዝገት የሚያንቋርር ወፍ እንዴት ዘማሪ ትባላለች? ወደ አዳኞቹ ክፍል ብትዛወር አይሻልም?

ግራር_ጫፍ፦
እዚሁ ትቆይ። «ዘማሪ» የሚባሉት በዜማቸው ጣዕም ሳይሆን በዝምድናቸውና በድምፅ አካላቸው አሠራር ነው፤ የአየር ቧንቧቸው ሁለት በሚሆንበት መገንጠያ ላይ ያለውን የድምፅ ሳጥን የሚያንቀሳቅሱት ብዙ ጥንድ ጡንቻዎች ናቸው። በዚያ ሚዛን ነጭና ጥቁሩ ቁራም ዘማሪ ወፍ ነው። የሰማው ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ጭልፊትና አሞራ ግን ሌላ ዘር ናቸው፤ ፊስካል አደን ብትጋራቸውም ዘመዳቸው አይደለችም።

ቆላ_ተጓዥ፦
እስካሁን የተባለው ለደጋና ለወይና ደጋ ይሠራል። ወደ ቆላ የምትወርዱ ግን ይህን ያዙ። የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ጀርባዋ በእርግጥ ጥቁር ነው?» ይሁን። ራሷ ጥቁር ሆኖ ጀርባዋ ግራጫ ከሆነ ኖርዘርን ፊስካልን እርሱት። ደቡብ ቆላ ላይ ታይታ ፊስካል፣ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ላይ ሶማሊ ፊስካል አሉ፤ የሶማሊዋ ክንፍ የኋላ ጠርዙ ነጭ ስለሆነ ስትበር ከታይታዋ ትለያለች። ግራጫው አናቷ ላይም ደርሶ ጥቁሩ በግንባርና በዓይን ላይ እንደ ጭምብል ብቻ ከቀረ፣ በዚያ ላይ አራት አምስት ሆነው አብረው ካሉ፣ ግሬይ ባክድ ፊስካል ናቸው፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ በብዛት ይታያሉ። ሙሉ በሙሉ እንደ ሰሌዳ የጠቆረች፣ ቁጥቋጦ ውስጥ የምትሹለከለክ ካጋጠመቻችሁ ደግሞ የቡቡ ዘመድ ስሌት ከለርድ ቡቡ ናት።

ወቅትም ይታሰብ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከሰሜን የሚመጡ እንግዶች አሉ። ፓይድ ዊትኢር ድንጋይና ዝቅተኛ ቁጥቋጦ ላይ ትቀመጣለች፤ የወንዱ አናት ነጭ፣ ፊቱና ጀርባው ጥቁር ነው፣ ሲበር ነጭ ጅራቱ ላይ የተገለበጠ ጥቁር «ቲ» ይወጣል። እንደመጣ ሰሞን ግን ጥቁሩ ላባ ጫፍ ጫፉ ዳለቻ ስለሆነ የቆሸሸ ይመስላል፤ ጫፉ እየተበላ ሲሄድ ነው ጥቁሩ የሚጠራው። ሴቷ ቡናማ ናት። ኋይት ዋግቴይልም በዚያው ወቅት ትመጣለች፤ ጀርባዋ ግራጫ፣ ፊቷ ነጭ ስለሆነ ከፓይዷ ጋር አትምታታም።

በዝናብ ወቅት ጥቁርና ነጭ ሆኖ ምንቃሩ ደማቅ ቀይ፣ ጅራቱ ከሰውነቱ የሚረዝም ትንሽ ወፍ ካያችሁ ፒን ቴይልድ ዊዳ ነው፤ ዝናቡ ሲያልፍ ጅራቱንም ጌጡንም ጥሎ ድንቢጥ መሰል ቡናማ ይሆናል። ዛፍ አናት ላይ፣ ቅጠል መሐል፣ ዓይኑ ብርቱካናማ ቀይ የሆነ ጥቁርና ነጭ ወፍ ደግሞ ወንዱ ኖርዘርን ፓፍባክ ነው። ሲቀናጣ የወገቡን ላባ ነፍቶ የጥጥ ኳስ ይመስላል። ሴቷ ቡናማ ግራጫ ስለሆነች ጥንድ ሆነው ሲገኙ መለየቱ ይቀላል።

የማሳ_ዳር፦
አደይ፣ ስትመዘግብ ለስሙ ተጠንቀቅ። የቆዩ የወፍ መለያ መጻሕፍት ወፏን «ኮመን ፊስካል፣ ላኒየስ ኮላሪስ» ይሏታል፤ ያን ጊዜ የሰሜኑና የደቡቡ አንድ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። አሁን ኮላሪስ የሚለው ለደቡቧ ቀርቷል። ቡቡም እንዲሁ ናት፤ ቀድሞ ትሮፒካል ቡቡ ውስጥ የተቆጠረችው ዛሬ ራሷን ችላለች። መጽሐፉና አፑ የተለያየ ስም ቢሰጡህ በስሙ ብቻ ሌላ ወፍ ናት ብለህ ሁለት ጊዜ እንዳትጽፋት።

የዚያን ጠዋት መዝገብህ ሦስት መስመር ነው፦ ኖርዘርን ፊስካል፣ ሴት፣ 1፣ በዓይንና በፎቶ፤ ኖርዘርን ፊስካል፣ ለጋ፣ 1፣ በዓይን፤ ኢትዮጵያን ቡቡ፣ በድምፅ ብቻ። ለቡቡዋ ቅብብሉን በሁለት ጣት እስክታረጋግጥ ድረስ «2» ብለህ አትጻፍ።